አባቴን ሰካራም ያደረገው ፊልም

እግሬ የተሰበረው ከባጃጅ ስወርድ ነው። ሰው ገፍቶኝ ወይም ሾፌሩ ቸኩሎ ተነስቶብኝ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምወቅሰው ባገኘሁ ነበር። ባጃጁ ቆሟል፣ ሾፌሩም በትዕግሥት እየጠበቀኝ ነው። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር በሁለት እጄ እንዳቀፍኩ ድንጋይ ረገጥኩና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ሐኪሙ በጄሶ ጠቅልሎ "ሁለት ወር መርገጥ የለም" አለኝ። አዳማ ውስጥ ሃያ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ሁለት ሳምንት እንኳ በተከታታይ ቀርቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ይህን እንደሰሙ ከወንጂ መጡ። "ላስታምምሽ" ብለው አንድ ፌስታል ልብስና መስገጃቸውን ይዘው ነው የመጡት። ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን አልፏል። በጎረምሳነታቸው ከወሎ መጥተው ጉልበታቸውን በሙሉ ሸንኮራ እርሻው ውስጥ የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከዚያ ሰፈር ንቅንቅ አልልም ያሉ ሰው ናቸው። ማስታመሙ ግን ሻይ ከማፍላት አላለፈም። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቴሌቪዥን እናይ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የፊልም አፑን የይለፍ ቃል ላከልኝ፤ እዚያ የሌለውን ደግሞ ከኢንተርኔት እንፈልጋለን።

በእነዚያ ሁለት ወራት ያየሁትን ሳስበው ያሳፍረኛል። የሚያሳፍረኝ ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም እየተናደድኩ እስከ መጨረሻው ማየቴ ነው።

መጀመሪያ የያዝነው የአንድ ብርዳም አገር የፖሊስ ታሪክ ነበር፤ ስምንት ክፍል። ከሥር የሚጻፈው እንግሊዝኛ ስለሆነ ለአባቴ የምተረጉመው እኔ ነኝ።

"አሁን ምን አለች?" ይሉኛል።

"ደህና ነኝ አለች።"

"ደህና ናት እንዴ?"

"አይደለችም።"

"ታዲያ ለምን ትዋሻለች?"

ደግሞ ጨለማው! ሰው ቁርስ ሲበላ ጨለማ፣ ቢሮ ሲገባ ጨለማ። የአዳማ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ መጋረጃውን ግጥም አድርገን ብንዘጋው እንኳ የሚታየን የራሳችን ፊት ነበር። አባቴ ዓይናቸውን አጥብበው "እነዚህ ሰዎች መብራት የላቸውም?" አሉ። ያንን ሁሉ ጨለማ ታግሰን ስምንተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በረጅሙ ተነፈሰችና አለቀ። ገዳዩ አልተያዘም። ሁለተኛው ሲዝን ካለ ብዬ ስፈልግ አይሠራም፣ ተሰርዟል ይላል።

"ሰውየውን ማን ገደለው?" አሉ አባቴ።

"አይታወቅም።"

"ፖሊሶቹ ናቸው የማያውቁት ወይስ ፊልሙን የሠሩት?"

"የሠሩትም የሚያውቁ አይመስለኝም።"

ትንሽ አሰቡና "አንድ ሰው ወሬ ጀምሮ መሀል ላይ ብድግ ብሎ ቢሄድ ምን ይባላል?" አሉኝ።

"ባለጌ ነዋ።"

"እህ" አሉና ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ።

ቀጥሎ ወደ አማርኛ ከተመለሰ የውጭ ተከታታይ ድራማ ገባን። እዚያ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ከተያዩ መተያየታቸው አያልቅም። አንድ ሰውዬ የበሩን እጀታ ይዞ ሊገባ ሲል አባቴ ዙህር ሊሰግዱ ተነሡ። ታጥበው ውዱ አድርገው፣ ሰግደው ሲመለሱ ሰውየው አሁንም እጀታውን እንደያዘ ነው። ይህንንስ እችለው ነበር፤ ያልቻልኩት ንግግሩን ነው። ጎረምሳው ልጅቷን "አንቺን በማጣቴ ምክንያት በታላቅ ሕመም ውስጥ እገኛለሁ" ይላታል። ሰው እንዲህ ብሎ አውርቶ ያውቃል? "ናፍቀሽኛል" ይባላል፤ አለቀ። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደሚያመጡት ያኔ ገባኝ። ንግግሩን ጮክ ብዬ ሳርም አባቴ "ተይ እንጂ፣ ልስማበት!" ይሉኛል።

የኛዎቹን ፊልሞች የምናየው እሑድ እሑድ ነበር፤ ከተከራያችን ጋር። ተከራያችን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ወጣት ናት፤ ያላት ዕረፍት እሑድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስለ ልብስ ሰፊ ልጅ የሚያወራ ፊልም ከፈተችልን። ተዋናይዋ ረጃጅም ቀይ ጥፍር አላት፤ ጨርቁን ስትገፋ ጣቷን መርፌው ሥር ሰድዳ፣ ዓይኗን ወደ መስኮት ወርውራ ነው። ተከራያችን ከመቀመጫዋ ተነሣች። "እንዴ! ይቺ ልጅ እስካሁን ጣት አላት?" አለች። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ማየት ተወች፤ የምታየው የተዋናይዋን እጅ ብቻ ሆነ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ የገጠር ሰው አነጋገር ነው። ሁለት ቃል ከጎጃም፣ አንድ ቃል ከወሎ፣ ቅላጼውን ከጎንደር ቀላቅለው የትም የሌለ አገር ሰው ይፈጥራሉ። ያ ሰው አዲስ አበባ ይመጣል፣ ሊፍት ሲያይ ይጮሃል፣ ከጀርባው የሚያስቅ ሙዚቃ ይገባል። አባቴ አንዱን እንዲህ ሲጮህ አዩትና "እኔ መጀመሪያ አዲስ አበባ ስገባ አልጮህኩም" አሉ። "ዝም ብዬ ነው የፈራሁት።"

ይህን ሁሉ እያየን አባቴ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጠይቁ ነበር። "የኛስ ፊልም መቼ ነው የሚወጣው?"

"የኛ ፊልም" የሚሉት እንዲህ ነው። ካቻምና አንድ ወጣት ዳይሬክተር ካሜራና ሰዎች ይዞ ወንጂ መጥቶ ነበር። የድሮውን የእርሻ ሠራተኞች ካምፕ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ ወደ አባቴ ላኩት። ቅዳሜ ስለነበር እኔም ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ። አባቴ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ታሪክ ነገሩት።

አንድ ክረምት አዋሽ ሞልቶ ካምፑ ውስጥ ገባ። አንዲት ጎረቤት ምጥ ይዟታል፤ ጭቃው ትራክተር አላስገባ ብሏል። የአባቴ የልብ ወዳጅ ከከምባታ የመጣ አገዳ ቆራጭ ነበር። እሱ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደና የራሱን በር ከማጠፊያው ነቅሎ አመጣ። ሴትየዋን በሩ ላይ አስተኝተው፣ እሱ ከፊት አባቴ ከኋላ ሆነው፣ ደረታቸው ድረስ በመጣ ውኃ ውስጥ ተሸክመዋት ወጡ። ክሊኒክ አልደረሱም። ልጁ ከቦዩ ግድብ ላይ፣ እዚያው በሩ ላይ ተወለደ። ወዳጃቸው ክረምቱ እስኪያልቅ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ጆንያ በሰቀለበት ቤት አደረ፤ በሩ ውኃ ጠጥቶ ተጣሞ አልገጥም ብሎ ነበርና። ያ ሰው ካረፈ አራት ዓመቱ ነው።

ዳይሬክተሩ ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "አባባ፣ ይሄ እኮ ራሱ ፊልም ነው!" አላቸው። ከመሄዱ በፊት አባቴን አንድ የተዘጋ ሱቅ በራፍ ላይ ወንበር አስቀምጦላቸው "ደክሞዎት ፀሐይ ላይ እንዳሸለቡ ይሁኑልኝ" አለ። አባቴም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሆኑለት። የስልክ ቁጥሩን ሰጥቷቸው ሄደ። ፊልሙ ሲወጣ እደውላለሁ ብሎ ነበር።

አልደወለም። ፊልሙን ያገኘችው ተከራያችን ናት፤ ጄሶው ሊፈታልኝ አንድ ሳምንት ሲቀረው። "አባባ፣ ይሄ ወንጂ አይደለም እንዴ?" ብላ ስልኳን ይዛ ገባች። አባቴ ከመቅጽበት ተነሥተው ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጃኬታቸውን ለብሰው ተመለሱ። እቤት ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትነውና ሦስታችንም ተደርድረን ተቀመጥን።

ታሪኩ የአንድ ሀብታም ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ነጭ ስኒከር አድርጎ ይመጣል፣ አንዲት ቆንጆ የሰፈሩ ልጅ ይወዳል፣ አባትየው እምቢ ይላል። ይህን የመሰለ ፊልም በዚያ ወር ብቻ አራት አይተናል። ጎርፉ ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ምጥ የያዛት ሴት የለችም፤ ቆንጆዋ ልጅ እግሯ ወለም ብሏት "እናቴን!" እያለች ትጮሃለች። የሀብታሙ ልጅ አንድ በር በእርግጫ መትቶ ገነጠለና እሷን አስተኝቶበት ከሾፌሩ ጋር ተሸክሞ ሄደ። ወለምታ ያለበት ሰው በር ላይ ተጭኖ እንደማይሄድ እኔ ሕያው ምስክር ነኝ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዳር ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያል። አንድ እንኳ እጁን የሚዘረጋ የለም።

በዚህ ተናድጄ ሳልጨርስ አባቴ ስክሪኑ ላይ መጡ። ያ ወንበር፣ ያ ዘንበል ያለ አንገት። የተዘጋው ሱቅ በላዩ የመጠጥ ቤት ማስታወቂያ ተሰቅሎበታል። ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ የአረቄ ጠርሙስ ወድቋል። የሌላ ሰው ማንኮራፋት በድምፅ ተጨምሮበት፣ ያው የሚያስቅ ሙዚቃ ገባ። ሾፌሩ በመኪናው መስኮት እያየ "የዚህ ሰፈር ሽማግሌ ጠዋትም ማታም እንዲሁ ነው" አለ። ሰባት ሰከንድ ብትሆን ነው።

ተከራያችን ሳቀችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ በሕይወታቸው አንድ ጠብታ አልኮል አልቀመሱም። በየትኛውም ጁምዓ ከመስጊድ ቀርተው አያውቁም። ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

"መልሺው" አሉኝ።

"ይቅር አባዬ፣ ምን ያደርግልዎታል?"

"መልሺው እንጂ። በሩ ጋ።"

መለስኩት። ልጁ በሩን ሲገነጥል፣ ሲሸከም፣ እንደገና አየነው። አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ዳር የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ።

"የታል?" አሉ።

"ማን?"

"በሩን የነቀለው።"

"የለም አባዬ። አላስገቡትም።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

በማግስቱ ለዳይሬክተሩ ደወልኩ። ማንነቴን ስነግረው ደስ ብሎት "መምህር! አያችሁት? ሕዝቡ እንዴት ወደደው መሰለዎት!" አለኝ።

"አባቴን ሰካራም አደረግካቸው" አልኩት።

"አይ፣ እሱ እኮ... ፊልም ልብ ወለድ ነው መምህር።"

"አባቴ ልብ ወለድ አይደሉም። መልካቸው የራሳቸው ነው፣ የተቀመጡበት ሰፈርም የራሳቸው ነው። መጠጥ ቀምሰው የማያውቁ የመስጊድ ሰው ናቸው።"

ዝግ ብሎ "እሱን አላወቅኩም ነበር" አለ።

"አልጠየቅህማ።"

ይቅርታ ጠየቀ፤ ከልቡ ይመስለኛል። ያቺን ክፍል ቆርጬ አወጣታለሁ አለ፤ በሦስተኛው ቀንም አወጣት። "ሳቅ ካልገባበት ግን ሰው አያየውም፣ ምን ላድርግ" ብሎ የራሱንም ችግር ነገረኝ። እየበረድኩ መጣሁና "እሺ፣ በሩስ?" አልኩት።

"የቱ በር?"

ስልኩን ዘጋሁት። አባቴ እንባዬን ቢያዩ ኖሮ እግሬ የተሰበረ ቀን እንኳ ያላለቀስኩት ለምን እንደማለቅስ ማስረዳት ይኖርብኝ ነበር፤ ደግነቱ የአስርን ሶላት ሊሰግዱ ወጥተው ነበር።

መቁረጡም ያን ያህል አልጠቀመም። ሰዎች ቀድመው አባቴ ያሉበትን ቦታ ብቻ ቆርጠው በየስልኩ ይላላኩት ጀምረዋል። ተከራያችን ፓርኩ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሰው አሳይቷት መጣች። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ አንድ ባለሱቅ "አባባ፣ ተዋናይ ሆኑብን" ብሏቸዋል። እኔ ስንገበገብ እሳቸው "የሚያውቀኝ ያውቀኛል" ብለው ተዉት። ያስጨነቃቸው ሌላ ነው።

"የወዳጄ ሚስት ካየችው ምን ትለኛለች?" አሉኝ። "ታሪኩን ለሰው ነግሬ እሱን ያስቀረሁት ይመስላታል። እሱ ሞቷል፤ ልነግራት የምችለው እኔ ነኝ።"

ጄሶው እንደተፈታልኝ ምርኩዝ ይዤ በሚኒባስ አብሬያቸው ወንጂ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የሚሉትን ሲያጠኑ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

የወዳጃቸው ባለቤት አባቴን ስታይ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ወንበር ሰጠችን፣ ስለ እግሬ ጠየቀችኝ፣ ውኃ አቀረበች። አባቴ ውኃውን ሳይነኩ "አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት፤ አፉ በይኝ" ብለው ጀመሩ። ዳይሬክተሩ እንዴት እንደመጣ፣ ምን እንደነገሩት፣ የባሏን ነገር አንድም ሳያስቀሩ እንደተናገሩ አስረዱ። ወደ ፊልሙ ሲደርሱ አቋረጠቻቸው።

"ስለ በሩ ፊልም ነው የሚሉኝ? አይቼዋለሁ እኮ! ሦስት ጊዜ!"

አባቴ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

"አልቅሼ አልቅሼ! ያ ልጅ እሱን አይመስልም እንዴ?"

"የቱ ልጅ?" አልኩ እኔ።

"በሩን የሚሸከመው።"

"እሱ እኮ አጭር ነበር" አሉ አባቴ።

"ትከሻውን ነው የምልዎት! ትከሻው ቁርጥ እሱ ነው።" ስልኳን አመጣች። ፊልሙ ሳይቆረጥ በፊት ልጇ የጫነችላት ስለሆነ የአባቴም ነገር እዚያው አለ። ተጠጋግተን እንደገና አየነው። አባቴ ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፉ ሴትየዋ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። "እርስዎ ኖት! አላህን የሚፈሩ ሰውዬ፣ ስካሩን እንዴት ቻሉበት!" አለቻቸው። አባቴም መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እንደተናደድኩ የቀረሁት እኔ ብቻ ሆንኩ።

አልቻልኩም። "እንዴ እትዬ፣ ባለቤትዎን እኮ አጠፏቸው!" አልኩ።

"ማን ያጠፋዋል? እኔ አላውቀውም?" አለችኝ፣ እንደ ልጅ እያየችኝ። "ክረምቱን ሙሉ ጆንያ ሥር ያደርኩት እኔ ነኝ። በሩን ሳይ የማየው እሱን ነው።"

ትክክል ናት ብዬ ግን ዛሬም አላምንም። ልንሄድ ስንል ደግሞ እየሳቀች አንድ ነገር ጨመረች። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጇ ፊልሙን አይታ "አያቴ ሀብታም ነበር እንዴ? መኪና ነበረው?" ብላ ጠይቃታለች።

አባቴ ሳቃቸውን አቆሙ። "የት ነው ያለችው?" አሉ።

ልጅቷ ከጓዳ ተጠርታ መጣች። የትምህርት ቤት ልብሷን አላወለቀችም፤ ስልኳን እንደያዘች ነው። አባቴ አጠገባቸው አስቀመጧትና ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት፤ ዝናቡን፣ ያልገባውን ትራክተር፣ አያቷ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ መሄዱን። ሁለቴ ስልኳን አየች። ሁለቴም ጠበቋት። በሩ የተነቀለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብላ "ፊልሙ ላይ ግን እንደዚህ አይደለም" አለች።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ በእጃቸው ተይ አሉኝ።

"አዎ፣ እንደዚህ አይደለም" አሏት። ከዚያ ብድግ ብለው መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አስተኙና ውኃው የት ድረስ እንደነበር አሳዩዋት።